የቅዳሜ እምቢታ

እኔን ብሎ አስተማሪ! ሀ ሁ ያልቆጠርኩ አሮጊት፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ የምፈርም ሴትዮ፣ ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ የሰው ልጅ ሰብስቤ ላስተምር ተነሳሁ። ያውም ስለ ምን? ስለ ኮረንቲ። የገዛ ቤቴን ማብሪያ ማጥፊያ በነጠላዬ ጫፍ ይዤ የምጫን ሰው! አርፌ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን ቅባት ባሽ ምን ነበረበት? ግን አርፎ መቀመጥ አልፈጠረብኝም። ነገር ሲሸተኝ እግሬ ይቀድመኛል። በዚያ ላይ የጠሩኝ ጋሽ ደግፌ ነበሩ። እሳቸውን ደግሞ እምቢ ማለት አይቻልም። እምቢ ማለትን የሚያስተምሩ ሰው እንዴት እምቢ የማይባሉ እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ባለፈው ማክሰኞ የእድራችን መልእክት በልጅ ልጄ ስልክ ገባ። ድሮ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሳለን ጥሩምባ ነፊው በማለዳ ሰፈሩን ይቀሰቅሰው ነበር። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ሞትም በቴሌግራም ነው የሚመጣው። ስልኩ ጢው ይላል፣ አንድ ሰው አለቀለት ማለት ነው።

«እማማ፣ ጋሽ ደግፌ አርፈዋል» አለችኝ።

«ኮረንቲ ነው?» አልኳት።

«ኧረ እማማ! ስኳር ነው እኮ። ሆስፒታል ተኝተው አልነበር?»

ሳቄ መጣ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ከኮረንቲ ጋር ሲተናነቁ ኖረው፣ ኮረንቲ ያልደፈራቸውን ሰው ስኳር ጠልፎ ጣላቸው። ቢሰሙኝ እሳቸውም ይስቁ ነበር እንዳልል፣ ጋሽ ደግፌ አይስቁም ነበር። ከንፈራቸውን ወደ አንድ ጎን ሳብ ያደርጓታል፣ በቃ፣ ያቺ ነች ሳቃቸው።

እኛ ብሎክ የገቡት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው፣ አንደኛ ፎቅ፣ ደረጃው አጠገብ። ክር ፋብሪካ የኮረንቲ ሰራተኛ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ የጎማ ጫማ የሚያደርጉ ሰው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ ጠላቸው። ለምን ብትሉ፣ ሰላም የሚሉት በአንድ እጅ ነው። እኛ ለትልቅ ሰው ሁለት እጃችንን ሰጥተን፣ ጎንበስ ብለን ነው ያደግነው። እሳቸው ግራ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ተወሽቆ፣ በቀኛቸው ብቻ ጨበጥ አድርገው ያልፋሉ። ሽማግሌም ይሁን ቄስ ለውጥ የለውም።

«ይሄ ሰውዬ ምን ይንቀናል?» አለችኝ ዘይነባ። ዘይነባ ከታች ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት። ጨውም ዘይትም ትሸጣለች፣ እውነትን ግን በነጻ ነው የምታድለው። «እጁ ቆራጣ ይሆን እንዴ?»

«አይደለም፣ ስንዝር የሚያህል ጤነኛ እጅ ነው። አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ጥጋብ ነው።»

እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም፤ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ጠብቄ ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። «ጋሽ ደግፌ፣ ያቺን ግራ እጅዎን ለማን ነው ያስቀመጧት?»

አልተቆጡም። «እትዬ ስንዱ፣ ኮረንቲ በአንድ እጅ ገብቶ በሌላው ከወጣ፣ መንገዱ በልብ በኩል ነው» አሉኝ። «ስለዚህ ስሰራ አንዷን እጄን ኪሴ ውስጥ አስቀምጣታለሁ። አርባ ዓመት ስለለመደች፣ አሁን ለሰላምታም አትወጣልኝም።»

ይኸው ንቀት ያልነው ነገር! ለዘይነባ ስነግራት «እና ሰው ኮረንቲ ነው ብሎ ነው የሚጨብጠን?» አለች። እኔም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነበር።

ሌላም አመል ነበራቸው። ሰው በር ያንኳኳል አይደል? እሳቸው የሰው የብረት በር ሲያዩ መጀመሪያ ከደረት ኪሳቸው ቴስተር ያወጣሉ። ቴስተር ማለት ኮረንቲ ሲነካው ውስጡ ቀይ የሚበራ ካቻቢቴ ነው። እሷን በሩ ላይ አሳርፈው፣ አለመብራቷን አይተው፣ ከዚያ ነው የሚያንኳኩት። አንዲት ሙሽራ ጎረቤታችን ሌባ መጣ ብላ ጮሃለች።

ይሄ አመላቸው ነው እኔንም ያስያዘኝ።

የቴሌቪዥኔ ሶኬት ላላ ብሎ፣ ሲሰካ ጢስ ጢስ እያለ ሰማያዊ ብልጭታ ይተፋ ነበር። እኔ ደግሞ ድራማዬ ሊያልፈኝ ነው። ኮረንቲ እፈራለሁ። ምን አደርጋለሁ? ሰው በሞላበት ሰፈር ልጅ አይጠፋም። ከሦስተኛ ፎቅ ማህደር የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለች፣ እናትና አባቷ ስራ ሲውሉ ኮሪደሩ ላይ የምትጫወት። እንደሷ ያለ ሩህሩህ ልጅ አይቼ አላውቅም፣ ጉንዳን ስትረግጥ ይቅርታ የምትል። «ማህደርዬ፣ ነይ እስቲ የኔ እናት፣ ያቺን ሰክተሽልኝ ሂጂ» እላታለሁ በየቀኑ። ትሰካልኛለች። እኔ በር ላይ ቆሜ አይኔን እጨፍናለሁ።

ለምን ልጅ እንደምልክ ብትጠይቁኝ መልስ ነበረኝ። የልጅ እጅ ቀላል ነው። ኮረንቲው ሳያያት ሰክታ ትመለሳለች። እናቴ ከምድጃ ፍም የምታስወጣው እኔን ነበር፣ እጅሽ ቀልጣፋ ነው እያለች። እኔም ያንኑ ነው ያደረግሁት።

ታዲያ አንድ ቀን ማህደር ጎንበስ ብላ ሶኬቱን ስትነቀንቅ፣ እኔ አይኔን ጨፍኜ ቆሜ፣ ከኋላዬ በሬ ላይ ቅጭል የሚል ነገር ሰማሁ። ዞር ስል ጋሽ ደግፌ ቴስተራቸውን በሬ ላይ እንዳሳረፉ ደርቀው ቀርተዋል። የሚያዩት በሬን አልነበረም። ማህደርን ነው።

«ነይ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ እጅሽን አንሺ» አሏት። አነሳች። ወደ ቤቷ ላኳትና ወደ እኔ ዞሩ።

«እትዬ ስንዱ፣ እዚያ ጥግ ጅብ ቢኖር ልጅቷን ይልኳት ነበር?»

«ምን ማለትዎ ነው? ጅብማ እኔም እፈራለሁ።»

«ይሄንንስ?»

«ይሄንንም እፈራለሁ! ለዚያ አይደል እሷን የምልካት!»

አፌን ስዘጋ ያልኩትን ሰማሁት። እሳቸው ብሬከሩን አጥፍተው፣ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ በአንድ እጅ ሶኬቱን ፈተው አዲስ ገጠሙልኝ። ድራማው አለፈኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው የቅዳሜውን ነገር የጀመሩት። የብሎካችን ልጆች በጠቅላላ ግቢው ውስጥ፣ የጋራ ህንጻው ጥላ ስር ይሰበሰባሉ። እኔም ከላይ ሆኜ አያለሁ። ወግ ያውቁበታል፣ ያን ያህል ዝምተኛ ሰው።

«ኮረንቲ ቂም የለውም፣ ፍቅርም የለውም» ይሏቸዋል። «ጎበዝ ተማሪ ናት ብሎ አይምርም። ባለጌ ነው ብሎ አይመታም። አያውቃችሁም። ስለዚህ እናንተ እወቁት።»

አንዱ ተንኮለኛ ልጅ «ታዲያ ወፏ ሽቦ ላይ ቆማ ለምን አትሞትም?» አላቸው።

«አንድ ሽቦ ላይ ብቻ ነው የቆመችው፣ መሬትም አልረገጠችም። አንተ ክንፍ ስታወጣ ንገረኝና እናወራለን።»

ልጆቹ ሁሉንም ያዙት። ሽቦ ተበጥሶ ብታዩስ? አንነካም! በእርጥብ እጅስ? አንነካም! ሰው ኮረንቲ ቢይዘውስ? አንነካውም፣ ብሬከሩን እንዲያጠፋ ትልቅ ሰው እንጠራለን! እንደ ሰንበት ትምህርት ቤት በአንድ አፍ ነው የሚመልሱት። እኔ ጨረሱ በቃ ብዬ ነበር።

ጋሽ ደግፌ ግን ትምህርቱ አልቆ ልጆቹ ሊበተኑ ሲሉ፣ ራቅ ብሎ መሬት ላይ የተጠቀለለ አሮጌ የኮረንቲ ገመድ አዩና፣ እንዲሁ እንደ ዘበት «ማሙሽ፣ ያንን ገመድ አቀብለኝ እስቲ» አሉ። አምስት ልጅ ተሽቀዳደመ። ማን ቀድሞ ሊያመጣላቸው ተጋፉ። አምጥተው በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው ሰጧቸው።

ገመዱ የሞተ ነው፣ ራሳቸው ናቸው ያስቀመጡት። ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። ልጆቹ ሲሄዱ ደረጃው ላይ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ።

«አዩ እትዬ ስንዱ? የሚያውቁት ነገር ምንም አልረዳቸውም። እነዚህ ልጆች የሚፈሩት ኮረንቲን አይደለም። እኛን ነው።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ትልቅ ሰውን እምቢ ማለት መለማመድ አለባቸው። ለዚህ ደግሞ አንድ የሚያታልላቸው ሰው ያስፈልገኛል። አባባይ፣ ነገረኛ፣ ተንኮለኛ ሽማግሌ ወይም አሮጊት።»

«ከየት ያገኛሉ ታዲያ?»

«ሰፈሩን ጠየቅሁ። ሁሉም የእርስዎን ስም ነው የጠሩልኝ።»

ከንፈራቸው ወደ ጎን ሳብ አለች። እኔም ልቆጣ ፈልጌ ደስ አለኝ። በዚህ እድሜዬ እጩ ሆኜ የተመረጥኩት ለሰይጣንነት ነው፣ ያውም በሙሉ ድምጽ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! በሳምንቱ የተቆረጠ ሶኬት፣ ሽቦው ከየትም ያልተገናኘ፣ ነጠላዬ ስር ደብቄ ወጣሁ። ደንቡ ይሄ ነው፤ እኔ በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ቦታ ልጅ አግኝቼ ከኮረንቲ ጋር የተያያዘ ነገር አዛለሁ። ልጁ ሦስት ነገር ማድረግ አለበት። ወደ ኋላ ይሄዳል። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ይከታል። ከዚያ በሰፈር እስኪሰማ «እምቢ! ጋሽ ደግፌ!» ብሎ ይጮሃል።

መጀመሪያ ሰሞን አንድም የተረፈ ልጅ የለም። ሁሉንም በላኋቸው! አንዱን በከረሜላ። አንዱን «እደግ ተመንደግ፣ ጎበዝ አይደለህ እንዴ» በሚል ምርቃት። ትልቁን ልጅ «ፈሪ ነህ ማለት ነው?» ብዬ፣ ትንሹን «ለእናትህ ነው የምነግራት» ብዬ። አንዱ በእርግማን ነው የወደቀው፣ «እምቢ ብትለኝ እረግምሃለሁ» ስለው ሶኬቱን ከእጄ ቀምቶ ሊሰካልኝ ሮጠ። ጋሽ ደግፌ ከጥግ ሆነው ያያሉ፣ ልጁን ይጠሩትና «ሞተሃል፣ ሂድና እንደገና ና» ይሉታል፣ ሳይቆጡ። ቀስ በቀስ ነቁብኝ። ነጠላዬን ገና ሲያዩ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው የሚሸሹ ሆኑ። ከቤተክርስቲያን ስመለስ ሳይቀር እንደ ጅብ ያዩኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ያዝናል፣ እኔ ግን እንዲህ ተፈርቼ አላውቅም፣ ሞቀኝ።

ማህደር ብቻ ነች ያስቸገረችን። ከረሜላ አይጥላትም፣ ቁጣም አይጥላትም። ግን ወገቤን ይዤ «ውይ የኔ ልጅ፣ ወገቤን አሞኛል፣ መታጠፍ አቃተኝ» ካልኳት አለቀላት። አይኗ እንባ ይሞላል፣ ትሰካልኛለች። በየሳምንቱ በዚያው ነው የምትወድቀው።

«ይቺን ልጅ የሚጎዳት ደግነቷ ነው» አሉኝ ጋሽ ደግፌ። «እሷን በደንብ ያሰልጥኑልኝ። ሌላው ቢወድቅ ቢወድቅ፣ እሷ እንዳትወድቅ።» እኔም በየኮሪደሩ ስትወጣ ስትወርድ እየጠበቅሁ ወገቤን አሞኛል ስላት ከረምኩ። አንድ ቀን፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ፣ «እማማ ስንዱ፣ እምቢ... ግን ቁጭ ይበሉ፣ ወንበር ላምጣልዎት» አለችኝ። ይሄንን ለጋሽ ደግፌ ስነግራቸው ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። ከዚያ በላይ ደስታ አያውቁም።

ነገር የተበላሸው በአቶ ገረመው በኩል ነው። አቶ ገረመው የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፣ እኔው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ መዝገብ ቤት ሰርተው ጡረታ የወጡ፣ ሲያስነጥሱም በስብሰባ ቋንቋ የሚያስነጥሱ ሰው። አንድ እሁድ ልጃገረድ ለመጠየቅ ለሽምግልና ተጠርተው፣ ሱሪያቸውን ሊተኩሱ ካውያው ነቀል ይልባቸዋል፣ የልጅ ልጃቸውን «ሰካልኝ» ይሉታል። ልጁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ፣ «እምቢ! ጋሽ ደግፌ!» አለ። አራት ፎቅ ሰማው። ሰው ሁሉ ወጣ። አቶ ገረመው በካኔቴራ፣ ሱሪያቸውን በእጃቸው እንዳንጠለጠሉ በር ላይ ቆመዋል። በተጨማደደ ሱሪ ነው ሽምግልና የሄዱት። ልጅቷንም ከለከሏቸው ተባለ፤ ምክንያቱ ሱሪው ይሁን ሌላ እንጃ።

በሳምንቱ ስብሰባ ጠሩ።

«የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ልጆቻችን በገዛ ግቢያችን ውስጥ ብልግና እየሰለጠኑ ነው» አሉ። «ልጅ ታዞ ነው የሚያድገው። እኛ እንደዚያ ነው ያደግነው።»

ጋሽ ደግፌ ተነሱ። «ልጁ ውሃ አምጣ ቢሉት ያመጣል። ዳቦ ግዛ ቢሉት ይገዛል። እኔ የከለከልኩት አንዲት ነገር ብቻ ነው።»

«ዛሬ ሶኬት፣ ነገ ዳቦ ነው!»

ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ደግፌ እስኪያበቃ ጠበቁ። ከዚያ፣ የእቃ ዋጋ እንደሚናገር ሰው፣ ድምጻቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ እንዲህ አሉ፦

«ዘጠኝ ዓመት የሆናት እህት ነበረችኝ። ሙያውን ገና ሳልጨርስ፣ ለእናቴ ቤት መብራት ላስገባ ብዬ ሽቦ ስዘረጋ፣ ‹ያዥልኝ› አልኳት። ያዘችልኝ። አንድም ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም። ጨዋ ልጅ ነበረች።»

ተቀመጡ። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። አቶ ገረመው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ግን አጀንዳው ሌላ ነው» አሉ። እጅ አውጡ ተባለ። ሰው እጁን አወጣ፣ የቅዳሜው ትምህርት ይቅር ተባለ።

እኔስ? እኔማ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸጉጬ መሬት መሬት አየሁ። ለዚህም ለዚያም አላወጣሁም። አቶ ገረመው ጎረቤቴ ናቸው፣ ነገ ደረጃ ላይ እንገናኛለን ብዬ። ጋሽ ደግፌ አይተውኛል። «እሺ» ብለው፣ ጎማ ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ ቤታቸው ወረዱ።

ከዚያ ቅዳሜ መጣ፣ ቅዳሜ ሄደ። ልጆቹ ኳሳቸውን ያንከባልላሉ። የእኔም ሶኬት መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ሐምሌ ነበር። አንድ ከሰዓት ልብሴን ኮሪደሩ ላይ ባለው የሽቦ ገመድ ላይ አስጥቼ ገባሁ። ያ ገመድ ብረት ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የፎቁ ሰው ሁሉ የሚያሰጣበት። ድንገት ሰማዩ ተቀደደ። ነፋሱ ዝናቡን ኮሪደሩ ውስጥ ድረስ ይረጨዋል። ወገቤ ያን ቀን እውነቱን ነው፣ ልብሱን ካሰጣሁ በኋላ ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ ነበር። እየተጎተትኩ በሬ ላይ ደርሼ ማህደርን አየኋት፣ ከግድግዳው ተጠግታ ዝናቡን ታያለች።

«ማህደርዬ፣ ሩጪ ልብሱን አንሺልኝ! ወገቤን አሞኛል!»

ሮጠች። ከዚያ ቆመች። ሽቦውን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አየችው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«እምቢ!» አለች።

«ምን እምቢ ትይኛለሽ? ልብስ ነው እኮ ያልኩሽ! ሶኬት አላልኩሽም!»

«እምቢ! ጋሽ ደግፌ!»

ደሜ ፈላ። «ዛሬ ጨዋታ አይደለም! ቅዳሜውም ቀርቷል! እውነቴን ነው ያመመኝ፣ አንቺ ልጅ!»

ታለቅሳለች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ አፍራ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ግን እግሯ ከቦታው አይነቃነቅም። እኔ «ቆይ፣ ለእናትሽ ባልነግርልሽ!» ብዬ ራሴ ላነሳው ወጣሁ። እጄን ስዘረጋ ዘላ ነጠላዬን ከኋላ ያዘች፣ ወደ ኋላ ጎተተችኝ፣ «ጋሽ ደግፌ! ጋሽ ደግፌ! ጋሽ ደግፌ!» እያለች ጮኸች። ያ ሁሉ ድምጽ ከዚያ ደረት ውስጥ ከየት እንደወጣ እንጃ።

ጋሽ ደግፌ ደረጃውን ወጡ። አልሮጡም፣ ግን ቶሎ ደረሱ። አንድ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ማንንም ምን ሆናችሁ ብለው አልጠየቁም። ቴስተሩን አወጡ፣ ሽቦው ላይ አሳረፉት።

በራ።

ቀይ ሆና በራች፣ ያቺ ነገር። እጄ ከዚያ ሽቦ አንድ ስንዝር ነበር የቀረው።

ማህደር ያየችውን ያኔ ነው እኔ ያየሁት። በወዲያኛው ጫፍ፣ ከአቶ ገረመው ቤት የወጣ ጥቁር የኤክስቴንሽን ገመድ በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። በዚያ ሳምንት ጫጩት ገዝተው፣ ኮሪደሩ መጨረሻ በካርቶን አስቀምጠው፣ በአምፖል ያሞቋቸው ነበር። ገመዱ ሽቦው ላይ የተንጠለጠለበት ቦታ ተልጧል፣ ውሃ ይንጠባጠብበታል።

ጋሽ ደግፌ በአቶ ገረመው በር ገብተው ብሬከሩን አጠፉ። ተመልሰው ሽቦውን እንደገና ለኩ። ከዚያ ማህደር ፊት ቁጢጥ አሉ። እኔ አሁን ጎበዝ ይሏታል፣ ይስሟታል ብዬ ስጠብቅ፣ ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በሁለት እጃቸው፣ ራሳቸውን ጎንበስ አድርገው፣ ለሽማግሌ እንደሚደረገው ጨበጧት። እሷም አፍንጫዋን እየሳበች በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው።

አቶ ገረመው ገመዱን ራሳቸው ናቸው ያወረዱት። «ጫጩቶቹን ብዬ ነው» ብቻ ነው ያሉት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የጠራ ሰው ሳይኖር ልጆቹ ጥላው ስር ተሰበሰቡ። ስብሰባም አልተጠራ፣ እጅም አልወጣ። አቶ ገረመው የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጥተው፣ ራቅ ብለው ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆሙ። እኔም ሶኬቴን ከመሳቢያ አወጣሁ። ጋሽ ደግፌ ስለ ስብሰባው፣ እጄን ስለመደበቄ፣ አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ እግራቸው ቆሰለ፣ ስኳሩ ጸና። ወንበር ላይ ሆነው ነበር የሚያስተምሩት። ሆስፒታል ሳሉ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ አልጋቸው አጠገብ ያለውን ሶኬት እያሳዩኝ «ይቺ ላላ ብላለች፣ ለነርሷ ነግሬያታለሁ» አሉኝ። ስለ ራሳቸው ስጠይቃቸው «ደህና ነኝ» አሉ። የተነጋገርነው ይኸው ነው።

ቀብሩ ልደታ ሆነ። ልጆቹ ሁሉ መጡ፣ ማህደርም መጣች፣ አሁን ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው። ከቀብር ስንመለስ ዘይነባ ሱቅ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ፣ እግሬ ዝሎ። ሰዉ ስለ ጋሽ ደግፌ ያወራል፣ እኔም ትንሽ ልኮራ ፈለግሁ። ሰው ሲሞት ከጎኑ የነበረው ሁሉ ይኮራ የለ?

«ምን አለፋሽ ዘይነባ» አልኳት። «ሌላው ቢቀር ያቺን ማህደርን አትርፈናታል፣ እኔና እሳቸው።»

ዘይነባ ስኳር እየመዘነች ነበር። ሚዛኑን ለቀቀችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ ደግሞ ማንን ነው ያተረፍሽው? አንቺ ልትገያት ነበር እንጂ። ያተረፈችሽ እሷ ናት። ሰውየውማ የደከሙት ልጅቷን ከአንቺ ለማዳን ነው።»